ሊቀ አረጋጋጭ ካሴ እና ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ገጽ

በየሰፈሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱና በየማኅበሩ እግዜር አንድ አንድ አረጋጋጭ አስቀምጧል። ሰው ሁሉ «እሺ፣ ይሁን» ብሎ ከተነሣ በኋላ ቁጭ ብሎ የሚቀረው እሱ ነው። በር ቆልፎ ሃያ እርምጃ ከሄደ በኋላ ይመለስና መያዣውን ወዝወዝ አድርጎ ይሄዳል፤ ከዚያም እንደገና ይመለሳል። እንቁላል ሲገዛ ጆሮው ሥር አስጠግቶ ያንቀጠቅጣል። መንገድ ሲጠፋው ሦስት ሰው ይጠይቃል፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት መልስ ከሰጡት «ተነጋግረዋል» ብሎ አራተኛ ይፈልጋል። እርስዎም አንድ ሳያውቁ አይቀሩም። የማያውቁ ከሆነ ምናልባት ሰውየው ራስዎ ነዎት።

የደባርቁ ግን ከሁሉም ይልቃል። አቶ ካሴ ይባላሉ። ከዳባት፣ ከድብ ባሕርና ከጃናሞራ ጤና ጣቢያዎች የሚመጣው የሕሙማን ካርድ ሁሉ በኮምፒውተር የሚከማችበት የካርድ ማዕከል ኃላፊ ናቸው። ሠራተኞቹ እሳቸው በሌሉበት «ሊቀ አረጋጋጭ» ይሏቸዋል፤ እሳቸውም ይህን ሰምተው፣ ማዕረጉ በማን እንደተሰጠ ከመጠየቅ በቀር ቅሬታ አላቀረቡም።

ሊቀ አረጋጋጭ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ወንበር ከመያዛቸው በፊት ዞረው ትርፍ ጎማውን በአውራ ጣታቸው ይጫናሉ። ሹፌሩ «ደህና ነው፣ አባቴ» ሲላቸው፣ አገር የሚያውቀውን ጥያቄያቸውን ያመጣሉ፦ «አየኸው ወይስ ሰማኸው?» የወንድማቸው ልጅ ስትታጭ ሽማግሌዎቹ ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ አስታወቁ፤ እሳቸው ግን ዘጠኝ ቤት ድረስ ወረዱ። ዘጠነኛው ላይ ዝምድና ሳይሆን የቆየ የድንበር ጠብ አግኝተው መጡ፤ ያንን ለማስታረቅ ሠርጉ በሁለት ሳምንት ዘገየ። አንድ ጊዜ ደግሞ ዳባት ያለው ወዳጃቸው ደርቤ ሞተ ተብሎ ሰፈሩ ለለቅሶ ሲነሣ፣ «ማን አየው?» ብለው ከሁሉም ቀድመው በመኪና ሄዱ። ደርቤን በሩ ላይ እንጨት ሲፈልጥ አገኙት። የሞተው ስሙን የሚጋራው ሌላ ሰው ነበር። ደርቤ እስከ ዛሬ በየፋሲካው አንድ ዶሮ ይልክላቸዋል። አቶ ካሴም ዶሮውን በእጃቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ይመዝኑታል።

የትናየት ስለዚህ ሁሉ አንዳች አታውቅም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጎንደር ተወልዳ ጎንደር የተማረች ፕሮግራመር ናት። ለስድስት ወር ተቀጥራ ጥቅምት ላይ ደባርቅ ስትገባ አዲስ የኮምፒውተር ዲስክ በካርቶን ታቅፋ ነበር። የማዕከሉ አሮጌ ዲስክ ማረጀት ጀምሯል፤ እያደር ያጓራል፣ አንዳንዴም ለመልስ ይዘገያል። ሥራዋ ያለውን ሁሉ ወደ አዲሱ መገልበጥ ነው። በሦስት ቀን እንደምትጨርስ ለአቶ ካሴ ነገረቻቸው።

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና አሮጌው ላይ ያለው ደህና መሆኑን በምን እንዳወቀች ጠየቋት። እስከ ትናንት ሲሠራ እንደነበር ተነግሯት እንደመጣች መለሰች።

«አየሽው ወይስ ሰማሽው?» አሉ።

የትናየት ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰማው ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ፈገግታዋን ብቻዋን ይዛ ቀረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ መረጃውን በገጽ በገጽ ከፍሎ ያስቀምጣል። በእያንዳንዱ ገጽ ራስጌ ከገጹ ይዘት ተሰልቶ የተጻፈ አንድ አጭር ቁጥር አለ፤ ቼክሰም ይሉታል። ገጹ ውስጥ አንዲት ፊደል ሳይታወቅ ብትለወጥ፣ እንደገና ሲሰላ የሚወጣው ቁጥር ከተጻፈው ጋር አይገጥምም፤ ገጹ መበላሸቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። አቶ ካሴ ደግሞ ሁሉም ገጽ ተሰልቶ፣ ሁሉም ቁጥር ሳይገጥም አንዲት ፊደል አትገለበጥም አሉ። የተበላሸ ቢኖር ብልሽቱን ነው አዲስ ዲስክ ላይ የምናባዛው የሚል ነው ክርክራቸው።

ይህን የሚከለክል የለም። ግን የራጁና የአልትራሳውንዱ ምስል ሁሉ ተደምሮ ገጹ ሁለት መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ነው። ሁሉንም ለመመርመር አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በዚያ ሰሞን መስመር እየተጠገነ ስለነበር መብራት የሚመጣው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ብቻ ነው። ጄኔሬተሩ የክትባት ማቀዝቀዣውን እንጂ ሌላ አይችልም። ስለዚህ የትናየት ሦስት ሰዓት ላይ ምርመራውን ትጀምራለች፤ ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ይሄዳል፤ ማግስቱን እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ካቆመበት ይቀጥል ብትልም አቶ ካሴ እንቢ አሉ። መብራት በድንገት ሲጠፋ ዲስኩ ላይ ያለ ገጽ ሊበላሽ እንደሚችል፣ ትናንት ደህና የነበረው ዛሬም ደህና ለመሆኑ ምንም ዋስትና እንደሌለ ራሷ አይደለች እንዴ የነገረቻቸው። የተናገረችውን ቃል በማስታወሻ ደብተራቸው ከነቀኑ ጽፈው ይዘውታል።

አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። አሮጌው ዲስክ ማጓራቱን ቀጠለ። የትናየት በንዴት ሁለት እርሳስ ሰበረች፤ ጎንደር ላለች ጓደኛዋ ደውላም በአንድ ሽማግሌ ግትርነት የሦስት ወረዳ ሕዝብ ካርድ ሊጠፋ ነው ብላ አማረረች። ጓደኛዋ ሰውየውን መለወጥ ካልተቻለ ሰዓቱን መለወጥ ይቻል እንደሆን ጠየቀቻት። የትናየት ስልኩን ከዘጋች በኋላ ቁጭ ብላ አሰበችበት።

በማግስቱ ምርመራው ሲጀመር ማሽኑ ምን እያደረገ እንደሆነ መለካት ጀመረች። እስከዚያ ድረስ የሚያዘገየው ያረጀው ዲስክ ይመስላት ነበር። ዲስኩ ግን ገጹን ቶሎ አቅርቦ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል፤ የሚያልበው ፕሮሰሰሩ ነው። የስሌቱን ፕሮግራም ከፍታ ስታነበው ምክንያቱ ታያት። ቀመሩ እያንዳንዱን ገጽ በሠላሳ ሁለት ዓምድ ይከፍለዋል። ዓምዶቹ ለየብቻ ተሰልተው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው የሚቀላቀሉት። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን አንድ ቁጥር አንሥቶ፣ አስልቶ፣ አስቀምጦ፣ ሌላ አንድ ያነሣል። ፕሮሰሰሩ ግን የቬክተር ትእዛዝ የሚባል ችሎታ አለው፤ ስምንት ቁጥር ጎን ለጎን አሰልፎ በአንድ ትእዛዝ ስምንቱንም ያሰላል። ያ ችሎታ ማሽኑ ከተገዛ ጀምሮ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ለአቶ ካሴ ስታስረዳቸው ወረቀት ላይ ስምንት ሣጥን ሳለች። እሳቸው ሣጥኖቹን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ አውድማ ላይ በሬዎች ጎን ለጎን ተጠምደው ሲያበራዩ አይታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቋት። አላየችም። ነጂው አንድ ጊዜ ሲጮኽ ሁሉም አብረው እንደሚዞሩ ነገሯትና ነገሩ እንደገባቸው አሳወቁ። ቀጥለውም የተለመደውን አደረጉ።

«አንዱ በሬ ቢያነክስስ?» አሉ። «ስምንቱ አብረው የሚያወጡት ቁጥር፣ አንዱ ብቻውን ያወጣው ከነበረው ጋር ካልገጠመ ፍጥነቱ ምን ይሠራልኛል?»

የትናየት አዲሱን ስሌት በአራት ቀን ጻፈች። አንድ ሚሊዮን ገጽ በአሮጌውም በአዲሱም አሰልታ ውጤቱን አስተያየች፤ አንድም ልዩነት አልተገኘም። አቶ ካሴ ግን ደህናውን ደህና ማለቱ አልበቃቸውም፤ የታመመውን ታሞ ማግኘቱን ማየት ፈለጉ። ለሙከራ የተገለበጡ ገጾች አስመጥተው ራሳቸው ያበላሹ ጀመር። በአንዱ የመጀመሪያዋን ፊደል፣ በሌላው የመጨረሻዋን፣ በሌላው መሐል ያለች ነጥብ ይለውጣሉ። አርባ ገጽ አበላሹ፤ ፕሮግራሙ አርባውንም ያዘ። አርባ አንደኛው ላይ ግን «ደህና» ብሎ አለፈ። የትናየት ኮዱን ከላይ እስከ ታች አንብባ ግማሽ ቀን ስህተቷን ፈለገች። በመጨረሻ አርባ አንደኛው ላይ የትኛዋን ፊደል እንደለወጡ ስትጠይቃቸው፣ ምንም እንዳልለወጡ ነገሯት። ያልታመመውን ታሟል ብሎ ይዋሽ እንደሆነ ለማየት ነው ያስገቡት። ሦስተኛው እርሳስ የተሰበረው ያን ዕለት ነው።

አሁን ምርመራው ይጀመራል ብላ ስትጠብቅ አቶ ካሴ ዳባትን አነሡ። ዳባት በማዕከሉ ቅርንጫፍ የሁሉም ካርድ ሁለተኛ ቅጂ አለ፤ መስከረም ላይ የተወሰደ። ደባርቅ የተበላሸ ገጽ ቢገኝ የሚጠገነው ከዚያ ስለሆነ፣ መጠገኛው ራሱ አስቀድሞ ይመርመር አሉ። የትናየት ተስማማች። ፕሮግራሙን በፍላሽ ለመላክ አሰበች፤ የዳባቱም ማሽን ያው የደባርቁ ዓይነት ነው፣ ንብረት መዝገቡ እንደዚያ ይላል። ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ ስለነበር ሳይጠይቋት ቦርሳዋን አንሥታ ወደ መናኸሪያ ሄደች። እሳቸውም ተከተሏት።

የዳባቱን ማሽን የሚጠብቀው ላቀው የሚባል ዝምተኛ ሰው ነው። ወንበር አምጥቶ አስቀመጣቸው። የትናየት ፍላሹን ሰካች፤ ፕሮግራሙን አስነሣች። ፕሮግራሙ ገና አንድ ገጽ እንኳ ሳይነካ ሞተ። ደግማ ብትሞክርም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ፕሮሰሰሩ የተሰጠውን ትእዛዝ እንደማያውቀው የሚናገር አንድ መስመር ብቻ ቀረ። ሣጥኑ አዲስ ነው፤ ውስጡ ግን አሮጌ ነው። አራት ቁጥር እንጂ ስምንት አያሰልፍም።

ፊቷ ቀላ። ላቀው ወደ መስኮቱ ዞረ። የትናየት አሁን ያችን ጥያቄ ሊወረውሩብኝ ነው ብላ ጠበቀች። አቶ ካሴ ግን ምሳ ሰዓት መድረሱን ብቻ ተናገሩ። ሽሮ ቤት ወስደዋት ግማሽ እንጀራ እስክትበላ ጠበቁ። ከዚያ ነው የተናገሩት።

«እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ካርድ ክፍል ስሠራ ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩ ታውቂያለሽ? መቶ አርባ ሦስት ጊዜ። ጽፌ ይዣለሁ። ይኸ ያንቺ የመጀመሪያሽ ነው፤ ገና ነሽ።»

የትናየት ሳታስበው ሳቀች። እሳቸው ግን የሳቁ ምክንያት አልገባቸውም።

«ማሽኑን ጠይቂው እንጂ፣ ልጄ» አሉ። «ሥራ ሳታዢው በፊት፣ ስምንት ትችላለህ ወይ በዪው። አልችልም ካለ አራት ስጪው። አራትም ካቃተው እንደ ድሮው አንድ በአንድ ይሥራ። መጠየቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?»

መጠየቅ ምንም ጊዜ አይወስድም። የትናየት ይህ ልማድ በሙያዋ የታወቀ መሆኑን፣ ትምህርት ቤትም ተምራው እንደነበር ታውቃለች፤ ስለቸኮለች ነው የዘለለችው። በሦስት ቀን አስተካከለችው። ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮሰሰሩን ምን እንደሚችል ይጠይቃል፤ በመልሱ መሠረትም መንገዱን ይመርጣል። ዳባት ላይ በአራት ተሰልፎ በሁለት ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ ጨረሰ። ሁሉም ገጽ ደህና ነበር። ላቀው ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፍቶ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ።

የደባርቁ ምርመራ ማክሰኞ ተጀመረ። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት መጣ። አቶ ካሴ የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩ። የካርድ ክፍሏ ነርስ እየሩስም ሥራዋን ትታ መጥታ በር ላይ ቆመች። ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ይጋልባል። በአንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ አለቀ፤ አሁን የሚያዘገየው ዲስኩ እንጂ ስሌቱ አልነበረም። ከሁለት መቶ ሃምሳው ሚሊዮን ውስጥ አንድ መስመር ቀይ ሆነ።

አንድ ገጽ ነው። የትናየት ስትከፍተው የአንዲት የጃናሞራ እናት ካርድ ሆነ፤ ባንቻየሁ ትባላለች። ስሟ አለ፣ ዕድሜዋ አለ፣ የእርግዝናዋ ክትትልም አለ። «የማይስማማት መድኃኒት» በሚለው ረድፍ ላይ ግን ሰረዝ ብቻ ነው ያለው። ማንም ሐኪም ቢያየው የለም ማለት ነው ብሎ ያልፋል። ከዳባት ቅጂ ያው ገጽ ተከፈተ። እዚያ ረድፉ ላይ ፔኒሲሊን ይላል።

እየሩስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ባንቻየሁ መውለጃዋ ደርሶ በእናቶች ማቆያው እንደተኛች፣ ሐሙስ ቀን በቀዶ ሕክምና እንደምትወልድ ነገረቻቸው። ማቆያው ከማዕከሉ ሁለት መቶ እርምጃ አይሆንም።

ሌላ ሰው ቢሆን የዳባቱን ገጽ መልሶ ይጽፍና ነገሩን ይዘጋው ነበር። አቶ ካሴ ግን የዳባቱ ቅጂ የመስከረም መሆኑን አስታወሱ፤ ከዚያ ወዲህ የተለወጠ ነገር ሊኖር ይችላል። ኮታቸውን ለበሱና ወደ ማቆያው አመሩ። የትናየትና እየሩስም ተከተሏቸው። ባንቻየሁ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር፤ አዛውንት ሲገቡ አይታ ለመነሣት ሞከረች፤ በእጃቸው ከለከሏት። ስለ ጤናዋ፣ ስለ መንገዷ፣ ቤት ስለቀሩት ልጆቿ በየተራ ጠየቋት። ከዚያ ያልተስማማት መድኃኒት አለ እንደሆን ጠየቁ።

«አለ እንጂ፣ አባቴ» አለች ባንቻየሁ። «ሁለት ዓመት ሆነው። አንድ መርፌ ሰጥተውኝ ፊቴ አብጦ ትንፋሼ ተቋርጦ ነበር። በሰው እጅ ተሸክመው ነው ያተረፉኝ። ስሙን እንጃ። እዚህ ስመጣም ልናገር ስል፣ አትቸገሪ፣ ከካርዱ ተጽፏል አሉኝ። እኔም ተጽፏል ብየ ተውኩት።»

እየሩስ ከኪሷ ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ የአልጋው ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፈችና ለቀዶ ሐኪሙ በቃሏ ልትነግረው ወጣች። አቶ ካሴ ባንቻየሁን አመሰገኗት። ደግማ ለሐኪሙም ለነርሷም ራሷ እንድትናገር፣ ካርዱ አለ ቢሏትም እንዳትተው ለመኗት።

የትናየት ወደ ማዕከሉ ስትመለስ ነገሩን በልቧ አሰላች። የመጣች ሰሞን እንዳሰበችው በሦስት ቀን ገልብጣ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰረዝ ወደ አዲሱ ዲስክ ይሻገራል፤ ቀጥሎም ከአዲሱ ወደ ዳባት ሄዶ ደህናውን ገጽ ይሸፍነዋል። ከዚያ በኋላ ፔኒሲሊን የሚለው ቃል ከባንቻየሁ ትዝታ በቀር የትም አይገኝም ነበር። ይህን ለአቶ ካሴ ስትነግራቸው እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ እንደ ድሮው አምስት ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ቢሆን ኖሮ ደግሞ እሳቸው ሐሙስ ድረስ ሲጠብቁ ገጹ ሳይገኝ ይቀር እንደነበር ነገሯት። ከዚያ ገጹን ጠገኑ፤ ሁሉንም ወደ አዲሱ ዲስክ ገለበጡ፤ አዲሱንም ከአንድ እስከ መጨረሻው መረመሩ። ባንቻየሁ ሐሙስ ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

መጋቢት ላይ የትናየት ስድስት ወሯን ጨረሰች። ጎንደር አንድ የሶፍትዌር ድርጅት ሰው ይፈልግ ስለነበር የሥራ ምስክርነት ደብዳቤ እንዲጽፉላት አቶ ካሴን ጠየቀች። ሌላ ኃላፊ በአምስት ደቂቃ የሚጽፈውን እሳቸው ሁለት ሳምንት ወሰደባቸው። በመጨረሻ ታሽጎ ተሰጣት፤ ራሷ እንኳ ሳታነበው ይዛው ሄደች።

የድርጅቱ ኃላፊ ወይዘሮ የሺወርቅ ፖስታውን ቀድደው አነበቡ። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ቀጥሎ ፈታ አደረጉት፤ ቀጥሎ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡላት።

«የትናየት በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አርፍዳለች። ዘጠኙ በብርድ ምክንያት ነው ትላለች፤ ስለ ሁለቱ አልተናገረችም። ኅዳር አሥራ ሰባት ቀን ሳታጣራ ዳባት የወሰደችው ፕሮግራም አልሠራም። በሦስት ቀን አስተካክላዋለች፤ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረውን ምርመራ ወደ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ አውርዳለች፤ በእጅ ሰዓቴ ስድስት ጊዜ ለክቻለሁ። ስትናደድ እርሳስ ትሰብራለች፤ ግዢ ክፍል አንድ ደርዘን እንዲመድብ እመክራለሁ። ስህተቷን ሲነግሯት ትሰማለች። በሥራ ዘመኔ ይህን ያየሁባቸው ሰዎች አራት ናቸው፤ እሷ አራተኛዋ ናት። ከሄደች ወዲህ ቢሮው ጸጥ ብሏል። ይህ ጥሩ ይሁን መጥፎ እየመረመርኩ ነው፤ እስካሁን ጥሩ አልመሰለኝም።»

የትናየት በተቀመጠችበት ሳቅ ጀመራት፤ ሳቁ መሐል ላይ ዓይኗ እንባ ሞላ። ወይዘሮ የሺወርቅ ከሰውየው ጋር ተጣልታ እንደሆን ጠየቋት። አለመጣላቷን ነገረቻቸው።

«እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አርባ ደብዳቤ አለ» አሉ ወይዘሮ የሺወርቅ። «ሁሉም ታታሪ፣ ታማኝ፣ ምስጉን ይላል። ያመንኩት ይህን ነው። ሰኞ ሥራ ጀምሪ።»

ደብዳቤውን ለግል ማኅደሯ እንድትተወው ጠየቋት። የትናየት እሺ ብላ ወጣች፤ ከሕንጻው ሥር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታ አንድ ገጽ አስነሣች፤ ተመልሳም ኮፒውን ሰጠቻቸው። ማኅተሙ ያለበትን ዋናውን አራት እጥፍ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።